መስኮት የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ሰዓት

ቤት ከዝናብና ከሌባ መሸሸጊያ ብቻ አይደለም፤ የሰውነታችንን ሙቀት በልኩ ጠብቆ የሚያኖር ሁለተኛ ልብስም ነው። ልብስ ሲበርድ ይደረባል፤ ሲሞቅ ይወልቃል። ቤት ግን ሊደረብም ሊወልቅም ስለማይችል፣ ሙቀቱንና ብርዱን የሚያስተካክለው ነዋሪው በመስኮቱ፣ በመጋረጃውና በጣራው ላይ በሚያደርገው ጥንቃቄ ነው። በዚህ ወር ስለዚሁ ጉዳይ፣ በተለይም በጉርድ ሾላና በአካባቢው በፎቅ ቤት ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች፣ አስተያየታችንን ለመግለጽ እንወዳለን።

አስቀድመን ግን የራሳችንን ጥፋት መናገር ይገባናል። እኛ የጤና ሠራተኞች ለብዙ ዘመን ለሕዝቡ የሰጠነው ምክር «መስኮታችሁን ክፈቱ» የሚል ነው። ምክሩ እውነት ነው። የሳንባ ነቀርሳ ተዋሲያን አየር በማይለወጥበት ክፍል ውስጥ ለብዙ ሰዓት ተንሳፍፈው ሊቆዩ ይችላሉ፤ ንጹሕ አየር ሲገባ ግን ይበተናሉ። ይሁን እንጂ መስኮቱ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ በስንት ሰዓትም እንደሚዘጋ አልተናገርንም። ስላልተናገርንም ሕዝቡ ምክራችንን በአክብሮት ያዳምጥና፣ እኛ ከደጃፉ እንደራቅን መስኮቱን መልሶ ይዘጋዋል።

ይህን ያስተዋልነው ከመጽሐፍ ሳይሆን በሥራችን ላይ ከደረሰብን ነገር ነው። በአንድ የኅዳር ወር፣ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር አራስ ለመጎብኘት ሄደን ነበር። ጊዜው ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። ክፍሉ ከቆርቆሮው ሥር በመሆኑ እጅግ ግሏል፤ አራሲቱ በላብ ተጠምቃለች፤ ሕፃኑም በሦስት ድርብ ጨርቅ ተጠቅልሎ ፊቱ ቀልቷል። መስኮቱ «ንፋስ እንዳይመታቸው» ተብሎ ተዘግቶ፣ መጋረጃውም ወርዶ ነበር። እኛም መስኮቱን ወለል አድርገን ከፈትንና ቀንም ሌትም ክፍት ይሁን ብለን አዘን ወጣን። የሕፃኑ አያት «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልን» ብለው እስከ ደረጃው ሸኙን።

በማግስቱ ማለዳ ተጠርተን ተመለስን። ለካ ሌሊቱን ብርዱ ስለጸና፣ እኒያ እናት መስኮቱን ዘግተው፣ በማንደጃ ከሰል አቀጣጥለው ከአልጋው አጠገብ አስቀምጠው ኖሯል። አራሲቱ ራሷን ይዟት፣ ያስመልሳት ነበር፤ ጉልበቷም ከድቷት መቆም ተሳናት። ሕፃኑ ጡት ለመጥባት ሰነፈ። ደግነቱ አንድ ጎረቤት ደርሶ በሩን ከፍቶ ወደ በረንዳ ስላወጣቸው፣ ከዚያም ወደ ሐኪም ቤት ተወስደው ኦክሲጅን ስለተሰጣቸው ሁለቱም ዳኑ። አያትዮዋን ለመገሠጽ ግን አፍ አልነበረንም። እኛ የሰጠነው ትእዛዝ የቀኑን ሙቀት ብቻ አይቶ የሌሊቱን ብርድ የዘነጋ ነበር፤ እርሳቸው ያደረጉት ደግሞ ብርዱ ሲመጣ በእጃቸው የነበረውን ብቸኛ ነገር ነው።

የነገሩ መነሻ የአገሩ አየር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በሰሜን በኩል ያለው የእንጦጦ ጋራም ከ3,000 ሜትር ያልፋል። በበጋ ወራት ሰማዩ ጥርት፣ አየሩም ደረቅ ይላል። ስለዚህ ቀን የፀሐይ ጨረር ይበረታል፤ ሌሊት ደግሞ ምድርና ጣራ የያዙትን ሙቀት ወደ ጠራው ሰማይ ስለሚለቁ ብርዱ ይጠነክራል። በኅዳርና በታኅሣሥ የሙቀት መለኪያው በማለዳ ከ10 ዲግሪ በታች ወርዶ፣ ከቀትር በኋላ ከ20 ዲግሪ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። የጉርድ ሾላ ሰው በአንድ ቀን ውስጥ ሁለት ወቅት ያሳልፋል ማለት ነው።

አባቶቻችን ለዚህ ፍርርቅ የሚስማማ ቤት ነበራቸው። ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ቀስ ብሎ ይቀበልና ሌሊት ቀስ ብሎ ይመልሳል፤ የሣር ክዳንም ሙቀትን ወደ ውስጥም ወደ ውጭም በቀላሉ አያሳልፍም። የትግራይ ሕድሞ በድንጋይ ግድግዳውና በአፈር ጣራው፣ የሐረር ቤትም በወፍራም የድንጋይ ግድግዳው ይህንኑ ይሠራሉ። ይህን ስንል ወደ ጎጆ እንመለስ ማለታችን አይደለም። በጎጆው ውስጥ ጭስ፣ ቁንጫና አይጥ አብረው እንደኖሩ የጤና ሠራተኛ ሊረሳ አይገባውም። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ወዲህ በመዲናችን የተስፋፉት የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ለብዙ ሺህ ቤተ ሰቦች የቧንቧ ውሃና የራሳቸው መጸዳጃ አስገኝተዋል፤ ይህ ለሕዝብ ጤና ትልቅ እርምጃ ነው።

ነገር ግን የእነዚህ ሕንፃዎች ግድግዳ ውስጡ ክፍት የሆነ ብሎኬት፣ ጣራቸውም ስስ ቆርቆሮ ነው። ቆርቆሮ በፀሐይ ፈጥኖ ይግላል፤ ፀሐይ ስትጠልቅም ፈጥኖ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ከታች ባሉት ፎቆች የሚኖር ሰው ከላይም ከታችም በጎረቤቶቹ ቤት ተሸፍኖ መካከለኛ አየር ሲያገኝ፣ በመጨረሻው ፎቅ ላይ ያለው ግን ቀን ከምድጃ ሥር፣ ሌሊት ከውርጭ ሥር ያለ ያህል ይሆናል። አንድ ሕንፃ፣ አንድ ደረጃ፣ አንድ ዓይነት ቁልፍ ሆኖ ሳለ የነዋሪዎቹ ጤና የተለያየ ነው።

ብዙ ሰው የቤትን ሙቀት በአየሩ ብቻ ይለካዋል። የዴንማርኩ ሊቅ ፋንገር እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት መጽሐፍ እንዳስረዱት፣ ሰው የሚሰማው ምቾት ስድስት ነገሮችን ይከተላል፤ እነርሱም የአየሩ ሙቀት፣ ከግድግዳና ከጣራ የሚፈልቀው ጨረር፣ የአየሩ እርጥበት፣ የንፋሱ ፍጥነት፣ የለበስነው ልብስና የምንሠራው ሥራ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ የጣራው ጨረር በአራተኛ ፎቅ ላለ ሰው ዋናው ነው። አየሩ መካከለኛ ሆኖ ሳለ ከኮርኒሱ የሚወርደው ግለት ራሱን የሚያዞረው ሰው «ምች መታኝ» ብሎ ዳማከሴ ቢፈልግ አይፈረድበትም። ዳማከሴውን አንነቅፍም፤ ግን ጣራው እስካልተስተካከለ ድረስ በማግስቱ 8 ሰዓት ላይ ያው ሕመም እንደሚመለስ ማወቅ ያሻል።

ሙቀቱ የሚጎዳው ሰውን ብቻ አይደለም፤ በቤት ያለውን ምግብና መድኃኒትም ያበላሻል። የበሰለ ወጥ ከሁለት ሰዓት በላይ እንዲያው ከተቀመጠ ተዋሲያን ይራቡበታል፤ የስኳር ሕመምተኛ የሚወጋው ኢንሱሊንም ሲግል ኃይሉ ይደክማል። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት እነዚህን ከቆርቆሮው ሥር ካለው መደርደሪያ አውርዶ፣ ፀሐይ በማይደርስበት ጥግ ወለሉ አጠገብ ቢያኖራቸው ይሻላል።

ብርዱም ቢሆን ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ስለ መኖሪያ ቤት ባወጣው መመሪያ፣ ቀዝቃዛ ወቅት ባለባቸው አገሮች የቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 ዲግሪ ባያንስ ለጤና እንደሚበጅ ገልጿል። ሕፃንና ሽማግሌ ከሌላው ሰው ይልቅ በብርድ ይጠቃሉ። እንግዲህ ሕዝባችን ንፋስን የሚፈራው ካለማወቅ ብቻ አይደለም። ገና የተወለደ ሕፃን እርጥብ ገላው ንፋስ ሲነካው ሙቀቱን ፈጥኖ ስለሚያጣ፣ የአያቶቻችን ፍርሃት ሥር ያለው ፍርሃት ነው። ጥፋቱ ያለው በመድኃኒቱ ላይ ነው፤ መድኃኒቱም ከሰል ነው።

ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ ከደማችን ቀይ ነገር፣ ከሄሞግሎቢን ጋር፣ ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ ይጣበቃል። በከተማችን ከፍታ ላይ ደግሞ በእያንዳንዱ እስትንፋስ የምናገኘው ኦክሲጅን በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው በሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ፣ መርዙ ገና ሲጀምር የሚቀንሰው ከጎደለው ላይ ነው። ጭሱ ስለጠፋ፣ ፍሙም ስለቀላ አደጋው አለፈ ማለት አይቻልም፤ በአመድ የተዳፈነ ፍምም መርዙን ማውጣቱን አያቆምም። የተኛ ሰው ደግሞ የራስ ምታቱን ሳይሰማ ያልፋል። በከሰል ታፍነው ሳይነቁ ስለቀሩ ቤተ ሰቦች በመዲናችን በተደጋጋሚ ሰምተናል። በድሮው ቤት ጭሱ በክዳኑና በግድግዳው ስንጥቅ ይወጣ ነበር፤ በሲሚንቶ የተለሰነና በመስታወት የተዘጋ የፎቅ ክፍል ግን ስንጥቅ የለውም። ልማዱ ከጎጆ ወደ ፎቅ ሲወጣ አደጋው አብሮት አደገ።

ታዲያ መፍትሔው ምንድር ነው? ትምህርታችንን በተከታተልንባት በካይሮ ቤት ያከራዩን እናት፣ በሞቃቱ ወራት ከጥዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን መስኮቱን ሁሉ ዘግተው፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይከፍቱት ነበር። እኛም አየር መለወጥን የምንማር ተማሪዎች ስለነበርን በሆዳችን ስቀንባቸው ነበር። በኋላ ግን ትክክለኛዋ እርሳቸው መሆናቸውን ተረዳን። በዚያ አገር በጋ ቀን የውጭው አየር ከቤቱ ይልቅ ስለሚግል መከልከል አለበት፤ ሌሊት ሲበርድ ገብቶ ግድግዳውን ያቀዘቅዛል። በጉርድ ሾላ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ቀን የውጭው አየር ከቆርቆሮው ሥር ካለው ክፍል ይልቅ ቀዝቃዛ ነው፤ ሌሊት ደግሞ ከሚፈለገው በላይ ይበርዳል። ስለዚህ የካይሮዋ እናት ቀን ዘግተው ሌሊት ሲከፍቱ፣ የጉርድ ሾላዋ እናት ቀን ከፍተው ማታ መዝጋት አለባቸው። ደንቡ አንድ ነው፤ የውጭው አየር ከውስጡ የተሻለ ሲሆን ይከፈት፣ የከፋ ሲሆን ይዘጋ።

ይህን ደንብ በአገራችን ውስጥም እንደ ቦታው መለዋወጥ ያስፈልጋል። በድሬዳዋ፣ በ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የካይሮው ሥርዓት ይሠራል። የድሬዳዋ ሰው በሞቃት ሌሊት አልጋውን ወደ ግቢ አውጥቶ የመተኛት ልማድ አለው፤ ወደ ፎቅ ቤት ሲገባ ግን ግቢውን ያጣል። እንግዲህ መስኮቱን ሌሊት መክፈት ግድ ይሆንበታል፤ ሲከፍት ግን የወባ ትንኝን ማሰብ አለበት። በዚያች ከተማ እ.ኤ.አ. በ2013 የደንጊ ትኩሳት፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ በከተማ ውስጥ በሚራባው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተዛመተ ወባ ተነሥቶ ነበር። ስለዚህ ለድሬዳዋ ፎቅ ቤት የመስኮት ወንፊት እንደ በሩ ቁልፍ አስፈላጊ ነው።

ወደ ጉርድ ሾላ ስንመለስ፣ ነዋሪው ያለ ብዙ ወጪ ሊያደርጋቸው የሚችላቸውን ነገሮች እንደሚከተለው እናቀርባለን።

1ኛ፤ በበጋ ወራት ከጥዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ በሁለቱም ወገን ያሉትን መስኮቶች በመክፈት አየሩ እንዲያልፍ ማድረግ፤ አልጋ ልብሱንም በዚያው ሰዓት ለፀሐይ ማስጣት።

2ኛ፤ ከኅዳር እስከ ጥር ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ የምዕራቡን መጋረጃ ገልጦ የመጨረሻውን ፀሐይ ማስገባትና፣ ብርዱ ሳይጀምር 11 ሰዓት ላይ መስኮቱን መዝጋት። በመጋቢትና በሚያዝያ ግን እስከ ምሽቱ 2 ወይም 3 ሰዓት ክፍት ማቆየት ይቻላል።

3ኛ፤ ማታ ሲዘጋም ለመተንፈሻ የምትሆን ጣት የምታስገባ ክፍተት ከመስኮቱ በላይኛው በኩል መተው፤ ንፋሱ ከአልጋው በላይ ያልፋል እንጂ የተኛውን አይመታም። ይህች ክፍተት ግን ለሰው እስትንፋስ እንጂ ለከሰል አትበቃም።

4ኛ፤ ቡና ሲፈላ ማንደጃውን በተከፈተ መስኮት ወይም በበረንዳ አጠገብ ማድረግ፤ ቡናው ሲያበቃ ፍሙን ወደ ውጭ አውጥቶ በውሃ ማጥፋት። ሰው በሚተኛበት ክፍል ከሰል ለአንድ ሌሊትም ቢሆን አይደር።

5ኛ፤ አራስና ሕፃን በልብስ ይሙቁ እንጂ በፍም አይሙቁ። ሕፃኑ ቆብ አድርጎ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ተጣብቆ፣ ከላይ ብርድ ልብስ ቢለብስ ከማናቸውም ምድጃ የተሻለ ሙቀት ያገኛል። አልጋውን ለማሞቅ ሙቅ ውሃ በጠርሙስ ሞልቶ፣ በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ ማስገባትና፣ ሕፃኑ ከመተኛቱ በፊት ማውጣት ይቻላል።

6ኛ፤ በከሰል አጠገብ ራሱን ያመመው፣ ያቅለሸለሸው ወይም የደከመው ሰው ሲገኝ መጀመሪያ በሩንና መስኮቱን ከፍቶ ሰውየውን ወደ ውጭ ማውጣት፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ።

ይህ ሁሉ የነዋሪው ድርሻ ነው። ነገር ግን ሸክሙን ሁሉ በነዋሪው ትከሻ ላይ ጥለን ዝም ብንል ሁለተኛ ጥፋት እንሠራለን። አራተኛው ፎቅ የሚግለውና የሚቀዘቅዘው በባለቤቱ ስንፍና ሳይሆን በጣራው ስስነት ነው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 በተቋቋመው ሥርዓት ደግሞ የጋራ ሕንፃ ጣራ የአንድ ሰው ሀብት ሳይሆን የሁሉም ነው። ጣራው ሲያፈስ በማኅበሩ ገንዘብ እንደሚጠገን፣ ሙቀትና ብርድ ሲያስገባም በማኅበሩ ገንዘብ መደረብ አለበት ብለን እናምናለን። ከኮርኒሱ በላይ ሙቀት የማያሳልፍ ነገር፣ ለምሳሌ የመስታወት ጥጥ፣ በዐዋቂ ሠራተኛ ቢነጠፍ ቀን ግለቱን፣ ሌሊት ብርዱን ይመልሳል። ጭድና ሣር ግን እሳትና አይጥ ስለሚጠሩ አይመከሩም። ጣራውን ነጭ ቀለም መቀባት ለድሬዳዋ ይጠቅማል፤ ለጉርድ ሾላ ግን የቀኑን ሙቀት ብቻ ቀንሶ የሌሊቱን ብርድ ስለማያግድ ብቻውን አይበቃም።

«የታችኛው ፎቅ ሰው ለላይኛው ጣራ ለምን ይከፍላል?» የሚል እንደሚኖር እናውቃለን። ነገር ግን እርሱ ራሱ በላይኛው ሰው ወለልና ግድግዳ ተሸፍኖ የሚሞቅ መሆኑን ቢያስተውል፣ ውለታውን የሚመልስ እንጂ ምጽዋት የሚሰጥ አይደለም። ደግሞም በላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ብዙዎቹ ተከራዮች ስለሆኑ ጣራ አድሱ ማለት አይቻልም፤ የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ድምፃቸውን የሚያሰማላቸው ጎረቤት ያስፈልጋቸዋል።

ለሕንፃ ዐዋቂዎችም አንድ ቃል አለን። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስላለች፣ የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ በሰሜን በኩል፣ በቀሩት ወራት በደቡብ በኩል ትውላለች። በሁለቱም ወገን ፀሐይዋ ከፍ ብላ ስለምታልፍ አጭር ክፈፍ ይበቃታል። የጥዋትና የማታ ፀሐይ ግን ዝቅ ብላ በምሥራቅና በምዕራብ መስኮት በቀጥታ ትገባለች። ስለዚህ የሕንፃው ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ቢዞር፣ የምዕራብ መስኮትም ከውጭ በኩል የሚወርድና የሚነሣ ሸራ ቢኖረው፣ ከሚያዝያ ግለት ያድናል፤ በኅዳርም ሲነሣ የማታውን ፀሐይ ያስገባል። ከውስጥ የሚሰቀል መጋረጃ ፀሐይዋን የሚይዛት መስታወቱን ካለፈች በኋላ ስለሆነ ሙቀቱ በክፍሉ ይቀራል። የሰፈሩ ስም የሾላ ዛፍን የሚያስታውስ ነው፤ በየሕንፃው ምዕራብ ጥላ የሚሰጥ ዛፍ መትከልም ለስሙ የሚስማማ ሥራ ነው።

እኛም ከዚያች የኅዳር ማለዳ ወዲህ የአራስ ቤት ስንጎበኝ «መስኮት ክፈቱ» ብለን ብቻ አንወጣም። መጀመሪያ በስንተኛው ፎቅ ላይ እንዳለን፣ መስኮቱ ወዴት እንደሚያይ፣ ማታም ቤቱ በምን እንደሚሞቅ እንጠይቃለን። ከዚያም መስኮቱ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ሰዓት ከቤቱ እናት ጋር ተመካክረን እንወስናለን፤ ማንደጃውም በረንዳ ላይ እንዲያድር ቃል እንቀበላለን። የሥራ ጓደኞቻችን ሁሉ እንዲሁ እንዲያደርጉ፣ የየሕንፃው ማኅበራትም በሚቀጥለው ስብሰባቸው የጣራውን ጉዳይ እንዲያነሡ በትሕትና እናሳስባለን።